የሞቀ ጸበል

ነፋስ ስልክ ዳገቱ ላይ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ባለው የአሰገደች ቤት፣ አልጋው ግርጌ ላይ አንድ የተደፋ ቅርጫት አይጠፋም ነበር። ብርድ ልብሱ ቅርጫቱ ላይ ያርፋል፤ ከቅርጫቱ ሥር ደግሞ የትሩፋት ቀኝ እግር ይቀመጣል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ዶሮ እንቁላል የታቀፈች ይመስለዋል። እግሯን አውጥታ እንዳትተኛ ብርዱ አያስቀምጣትም፤ ሸፍና እንዳትተኛ የብርድ ልብሱ ክብደት ጣቷን ሲነካው ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። ቅርጫቱን ያሰበችው አያቷ አሰገደች ናት። መላ ብላ ሳይሆን መላ ሲያልቅባት ነው።

ሕመሙ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት፣ ጥፍሩ ሥር። ሲያዩት ምንም የለውም። አላበጠም፣ አልመገለም፣ አልቆሰለም። ወደ ብርሃን አስጠግቶ ላየው ሰው ከጥፍሩ መሐል ወደ ሰማያዊ የምታደላ ትንሽ ጥላ አለች፤ እሷም ብትሆን ድሮ የመታት እንቅፋት ትመስላለች። ግን ጤዛ ሲነካት፣ የክረምት ጭቃ ሲገባባት፣ የበሩ ደፍ ሲዳስሳት፣ ልጅቷ የጋለ ወስፌ የተሰካባት ያህል ትጮኻለች። ሕመሙ እስከ ጉልበቷ ይነዝራታል፤ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዝም። አሰገደችን ያደከማት ጩኸቱ አልነበረም፤ ዝምታው ነው።

ያልተሞከረ የለም። ፌጦ ተለጥፎበታል፣ ነጭ ሽንኩርት ታስሮበታል። ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ አሽቶታል፤ ያን ቀን ልጅቷ ራሷን ስታ ነበር። ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የጥፍሩ ነው ብሎ ነቀለው። ጥፍሩ ተመልሶ በቀለ፤ ሕመሙ ግን መቼም የትም አልሄደምና መመለስ እንኳ አላስፈለገውም። ክሊኒክ ሄዱ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ፔኒሲሊን ወጋት፣ ራጅ አስነሳት፣ በመጨረሻም «ሪህ ይሆናል» አለ።

«በዚህ ዕድሜዋ ሪህ?» አለች አሰገደች። «ሪህስ እኔን ይዞኛል፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ሪህ ይዞራል፤ እንዲህ አንድ ነጥብ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው አይጠብቅም።»

ድሬሰሩ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ትሩፋት ትምህርት ቤት የምትሄደው አንድ እግሯ ላይ ብቻ የሱፍ ካልሲ አጥልቃ ነበር። ልጆቹ «ባለ አንድ ካልሲ! ሌላውን አይጥ በላው?» ሲሏት፣ «ለእናትሽ አውሼው ነው» ብላ ታልፋለች። አሰገደች ይህን ስትሰማ ትቆጣ ነበር፤ በልቧ ግን ደስ ይላታል፤ ምላስ ያላት ልጅ ገና አልተሸነፈችም። ያ ክረምት ሲገባ ግን ትሩፋት ለልጆቹ መልስ መስጠቱን ተወችው። ትንሽ ቆይታም ትምህርት ቤቱን ተወችው።

ጳጉሜን ገባች። አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ወጥቶ ሃምሳ አምስት ሊገባ ሰው ሁሉ ጎህ ሲቀድ ወደ ጸበል የሚወርድባት ጊዜ ናት። የአሰገደች ልጅ በንቲ የአባቱን የዳባን መሬት እያረሰ መካኒሳ ይኖራል፤ ካፖርቱን ደርቦ በጭቃው መጣ። በንቲ ክፉ ሰው አይደለም። ትሩፋት የሟች እኅቱ የሸጊቱ ልጅ ናት፤ ከልጆቹ ለይቷት አያውቅም። «ተነሺ የእኅቴ ልጅ፣ የሩፋኤል ዝናብ ሳያመልጠን» ብሎ ቁልቁለቱን ተሸክሟት ወረደ። አሰገደች ደረቅ ልብስ ታቅፋ ከኋላ ከኋላ እየተንሸራተተች ተከተለች።

ውሃው ከገደሉ በእንጨት አሸንዳ ይወርዳል። ትሩፋት ተራዋ ደርሶ ስትገባ መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ተንቀጠቀጠች እንጂ ምንም አላለች። ውሃው ከራሷ ወርዶ፣ በወገቧ አልፎ፣ ጣቷ ላይ ሲደርስ ግን ጩኸቷ ገደሉን አስተጋባው።

«እግሬን! ልቀቁኝ፣ እግሬን!»

«ያዘው!» አለ አንዱ።

«ጮኸ! ጮኸ!»

«በእግሯ ነው የገባው» አለች ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ሴት። «የተጣለ ነገር ረግጣ ነው።»

አጥማቂው ክንዷን ጨብጦ «ማን ነህ? ተናገር!» አላት።

«ትሩፋት ነኝ!» አለች እየተንዘፈዘፈች። «ትሩፋት ነኝ እኮ!»

«ውሸታም! በስሟ ይነግድባታል!»

አሰገደች በሰው መሐል ጥሳ ገብታ ልጅቷን በደረቁ ልብስ ጠቀለለቻት። ዳገቱን ወጥተው ቤት ደርሰው በንቲ ደፉ ላይ ቆሞ ጭቃውን ሲያራግፍ፣ «ሰው ሁሉ ሰማ እማዬ» አለ።

«ሰማ።»

«እንዲህ ማቆየት አይቻልም። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲጠነክር ቆላ እወስዳታለሁ። እዚያ ስሙን ተናግሮ እስኪለቅ ድረስ ይይዟታል።»

አሰገደች የቆላውን ጸበል ታውቀዋለች። ሸጊቱ ሳል ጸንቶባት እዚያ ነበር የተወሰደችው። ስትሄድ በእግሯ ነበር የሄደችው፤ የተመለሰው ነጠላዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ትሩፋት ትሄዳለች ማለት ለአሰገደች ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር።

በንቲ ጸበሉን በገንቦ ሞልቶ አመጣና «እስከዚያው ጠዋት ጠዋት እግሯ ላይ አፍስሺባት» ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ።

አሰገደች ጸበሉን ለማፍሰስ እንቢ አትልም። ፊደል ቆጥራለች፣ ዳዊት ደግማለች፤ በጸበል የምትቀልድ ሴት አይደለችም። ነገር ግን በመጀመሪያው ጠዋት ጣሳውን አንስታ ወደ ልጅቷ ስትጠጋ፣ ትሩፋት ሳትነካ ገና ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፍና አየቻት። ጣሳውን ይዛ ወደ ምድጃው ዞረች፣ ረመጡ ዳር አስቀመጠችው፣ ጣቷን ነክራ አየችው፣ እንደገና አስቀመጠችው። የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ለብ ሲል አመጣችና አፈሰሰችባት።

ትሩፋት አንድ ዓይኗን ገለጠች። «አለቀ?»

«አለቀ።»

በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች፤ በሦስተኛውም። ታዲያ እንደገና በሐሳብ ተያዘች። ጸበል ይሞቃል? ከሞቀስ ጸበል ይባላል? ኃይሉን አጥፍቼው እንደሆነስ? ልጅቷ ያልጮኸችው እኔ ቅዱሱን ውሃ ተራ ውሃ አድርጌው እንደሆነስ? ቄሱን እንዳትጠይቅ ለበንቲ ይነግሩታል። ለበንቲ እንዳትነግር «አበላሸሽው፣ እንደገና ይጀመር» ይላታል። ሆኖም ጣሳውን ማሞቋን ቀጠለች።

ይህን ያየች ጎረቤቷ ዚነት ብቻ ናት። ዚነት ከባሏ ከዑስማን ጋር መንገዱ ዳር ጨውና ላምባ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላት። አንድ ጠዋት እሳት ልትጭር ገብታ ጣሳውን ረመጥ ላይ አየችና ቆመች።

«እትዬ አሰገደች፣ ጸበል ሾርባ ሆነ እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ አንቺ ልጅ! ግድግዳው ይሰማል።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ የእስላም ሴት። ግን ልጅቱ አልጮኸችም።»

«አልጮኸችም።»

«እና ጋኔኑ ሙቅ ውሃ ይወዳል? እንደ ሀብታም?»

«ዚነት!»

ዚነት ሳቋን ዋጠችና ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ ላስቆጣዎት አይደለም። የወንድሜ የአህመድ እጅ በመኪና ተጨፍልቆ አልነበር? ከተማ ትልቁ ሆስፒታል የእጅና የእግር ነገር የሚያይ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የለቀመለት። ይውሰዷት። ዑስማን ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ሊያመጣ በኪራይ መኪና ይገባል፤ ከፊት ያስቀምጣችኋል።»

በንቲ ሲነገረው፣ «ይሁን» አለ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ምንም የለም ካለ ግን፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቆላው አንድ ቃል አትናገሪኝም።»

«አልናገርህም» አለች አሰገደች።

ሆስፒታሉ ግቢ ወረፋው ከግንቡ ጋር ተጣጥፎ ይዞራል። ተራቸው ሲደርስ ፀሐይዋ አጋድላለች። ሐኪሙ ረጅም፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ከዓይኑ ሥር ቆዳው የተንጠለጠለ ሰው ነው፤ አሰገደች ስታየው «ይሄም እንደኔ እንቅልፍ አያውቅም» አለች በልቧ። አጠገቡ ቆማ የምታስተረጉመው ነርስ ውዳሴ ትባላለች።

ሐኪሙ ይዘው የመጡትን የድሮውን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ ጠየቀ።

«ምን ሲነካት ነው የሚብስባት ይላል» አለች ውዳሴ።

«ጸበል ሲነካት» አለ በንቲ።

ውዳሴ ትንሽ አመነታችና አስተረጎመች። ሐኪሙ አልሳቀም።

«ሁልጊዜ ነው ወይ ይላል።»

«ሁልጊዜ! ሕዝብ የሰማው ነው። አሁን ግን ተደብቋል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስታፈስባት ትንፍሽ አይልም። ብልጥ ነው።»

ሐኪሙ ወደ አሰገደች ዞረ። አሰገደች የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠመዘዘች። አሁን ካልተናገረች ልጅቱ ወደ ቆላ ናት፤ ከተናገረች ደግሞ ልጇ ፊት ምን ልትሆን ነው?

«አሞቀዋለሁ» አለች።

«ምኑን?» አለ በንቲ።

«ጸበሉን ነዋ። ረመጥ ዳር አቆየዋለሁ፣ ለብ ሲል አፈስባታለሁ። እና አትጮኽም። ቅዝቃዜው ነው የሚያስጮኻት እንጂ ጸበሉ አይደለም። በጤዛም ትጮኻለች፣ በጉድጓድ ውሃም ትጮኻለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ አልችል ብሎኝ ነው።»

ውዳሴ ስታስተረጉም ሐኪሙ ቀና አለ፤ ወንበሩን ጎትቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ያ የደከመው ፊቱ ነቃ። በረዶ ከፍሪጅ እንዲያመጡለት አዘዘ።

አሰገደች በረዶ የሚለውን ስትሰማ በልጅቷና በሐኪሙ መሐል ገባች።

«አይሆንም! ነገርኩዎት እኮ። ቀዝቃዛ ሲነካት ምን እንደምትሆን እያወቁ ዳግመኛ ለማየት ነው? እኔ አይቼዋለሁ፤ የኔ ማየት አይበቃም?»

ውዳሴ እየፈራች አስተረጎመች። ሐኪሙ አሮጊቷን አያት፤ ከዚያ በረዶውን እንዲመልሱት በእጁ አሳየ።

«አምኜሻለሁ በያት አለኝ» አለች ውዳሴ፤ የራሷም ድምፅ ለስለስ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሐኪሙ አንዲት መርፌ ቁልፍ አነሳ። በሹሉ ሳይሆን በድቡልቡል ራሷ፣ ትሩፋት ዓይኗን እንደጨፈነች ጣቷን መነካካት ጀመረ። ጥፍሩ ጫፍ ላይ፦ ምንም። ዳሩ ላይ፦ ምንም። ሰማያዊዋ ጥላ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ጮኻ ተነሳች። ጥቂት አረፈና ከዚያው ጎን፣ የገብስ ፍሬ ያህል ፈቀቅ አድርጎ ነካት፦ ምንም። በንቲ ሳያስበው ወደ አልጋው ተጠግቶ ነበር።

ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያውን ጎማ ባቷ ላይ ጠመጠመ፣ እግሯን ወደ ላይ አንስቶ ያዘ፣ ጎማውን ነፋው። ጣቷ ነጣ። ትሩፋት ፊቷን አጨማዳ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ትጠብቃለች።

«እሺ፣ ይጀምር» አለች።

«ጀምሯል እኮ» አለች ውዳሴ። «ያው ቦታ ላይ ነው። እየነካው ነው።»

ትሩፋት ዓይኗን ገለጠች። የመርፌዋ ራስ ጥላዋ ላይ ተጭናለች። ልጅቷ አንዴ መርፌዋን አንዴ አያቷን አየች። «እማማ፣ የለም! የለም እኮ!»

በንቲ ላቡን ጠረገ። «ጋኔኑን በጎማ አነቀው?»

«ደሙን ነው ያነቀው ጋሼ» አለች ውዳሴ፣ ሳቋ አመለጣት።

ጎማው ሲተነፍስና ደሙ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙም የሚፈልገውን አገኘ። ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ውዳሴም ከሥር ከሥር አስከተለች። ሰው ጣት ጫፍ ላይ ብርድና ሙቀትን የሚጠብቁ ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉ። የትሩፋት ጥፍር ሥር ያሉት ተቋጥረው ትንሽ ዕጢ ሆነዋል። ብርድ ሲነካት ትጨመቃለች፣ ያን ጊዜ እንደ እሳት ትፋጃለች። ግሎመስ ይሏታል። ብዙ ጊዜ የእጅ ጣት ላይ ናት፣ ያም ራሱ ብርቅ ነው፤ የእግር ጣት ላይ ግን እሱም በሐኪምነት ዘመኑ ገና ማየቱ ነው። ራጁንም አሳያቸው፤ የአጥንቱ ጫፍ ላይ ጣት የተጫነው ሊጥ የመሰለ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ራጁን ያየ ሁሉ ያንን አልፎት ነበር።

«መድኃኒት የላትም፤ መውጣት ነው ያለባት» አለች ውዳሴ።

«ጣቷን ትቆርጡታላችሁ?»

«የለም እማማ። ጥፍሯን አንስቶ እሷን ብቻ ለቅሞ ያወጣል። ጥፍሩ ይበቅላል።»

«ጥፍሯ አንዴ ተነቅሎ ነበር፤ ምንም አልፈየደም።»

«ጥፍሩን ነቅለው ባለቤቷን ቤት ውስጥ ትተዋት ነው እማማ።»

ቀዶ ጥገናው በሳምንቱ ሆነ። አሰገደች ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዳዊት ለመድገም ሞከረች፤ ከመጀመሪያው መስመር ማለፍ አቃታት። ሰመመኑ ልቧን ቢያቆመውስ? እጁ ቢንቀጠቀጥስ? ያ ሐኪም እኮ ደክሞታል። ውዳሴ ስትወጣ ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ነበር። በውሃ ውስጥ ከምስር ክክ የማትበልጥ፣ ቀይ ልበላት ሰማያዊ ልበላት የምታስቸግር ነገር ተቀምጣለች። በማጉያ መነጽር እንድትታይ ወደ ላቦራቶሪ ልትወስዳት ነው።

«ይቺ ናት?» አለች አሰገደች።

«ይቺ ናት።»

«ለዚች ነው? ለዚች ብለው ነው ልጄን ስሟን ስትናገር ውሸታም ያሏት?»

ውዳሴ አሮጊቷን ትከሻዋን ነክታ አለፈች።

መስቀል መጣና አለፈ። መንገዱ ጠነከረ። ትሩፋት እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች፤ ሕመሙም አለ። በንቲ በቅሎ ለምኖ አዘጋጅቶ መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«አሁንም ያማታል» አለ።

«የምላጩ ሕመም ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

አሰገደች በምን እንዳወቀች አታውቅም። የምታውቀው ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንዳመናት ብቻ ነው፤ እሷም ልታምነው ተገዳለች። «ፋሻው እስኪፈታ ታገሠኝ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ያልከውን እሆናለሁ።» በንቲ በቅሎዋን እየጎተተ ተመለሰ፤ አሰገደች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላት። ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር «የቱ ጋ ነው? ያው ቦታ ነው ወይስ ሌላ?» እያለች ልጅቷንም ራሷንም አሰለቸች። ትሩፋት አንዴ በምሬት «እማማ፣ እግሬን ለእኔ ተዪልኝ!» አለቻት። አሰገደች ተከፋች። ወዲያው ደግሞ ይቺ የድሮዋ ልጅ ምላስ መሆኗን አሰበችና መከፋቱ ለቀቃት።

ፋሻው የሚፈታ ቀን ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ ጨርቁን ገልጦ፣ ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ ጥፍር አልባውን ሮዝ ቆዳ ጠረገው። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።

«እስስ... አቃጠለኝ» አለች ትሩፋት። «ቀስ በልማ!»

ያ ጩኸት አይደለም። ማንኛዋም ልጅ ቁስሏ ሲጠረግ የምትለው ነው። ሐኪሙ በመርፌዋ ራስ ያንኑ ቦታ ተጫነ፤ ልጅቷ ግን መስኮቱን እያየች ነበር። ውዳሴም የላቦራቶሪውን ነገረቻቸው፤ ሐኪሙ ያላት ዕጢ ናት፣ አደገኛ አይደለችም፣ ምናልባት ቅሪት ኖሮ ሕመሙ ቢመለስ ግን ሳይቆዩ ይምጡ። አሰገደች ከሁሉ ይህችን «ምናልባት» ለይታ ያዘቻት፤ ለወደፊት ጭንቀት የሚሆን ስንቅ አገኘች።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ በንቲ ባርኔጣውን አወለቀ። «ቆላ አንሄድም» አለ።

«አንሄድም።»

«ሰፈሩ ግን ማውራቱን አይተውም፤ ያን ቀን የሰማ ሁሉ...»

«ያውራ።»

በንቲ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እኔስ ወድጄ መሰለሽ እማዬ? ሸጊቱን ቆላ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ይቺን ስወስድ ያንኑ መንገድ እንዴት እንደምሄደው ሳስብ ነው የከረምኩት።»

አሰገደች ልጇን ቀና ብላ አየችው። ከጆሮው ግንድ ላይ ሽበት ወጥቶበታል፤ መቼ እንደወጣበት አላየችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ትሩፋት በምርኩዟ እያነከሰች በሩ ድረስ ደርሳ ዞረች። «እማማ፣ ነይ እንጂ! ዑስማን መኪናውን አስነስቷል፤ ጥሎን ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«በምን ልንመለስ ነው?»

«ቆይ ልጄ» አለች አሰገደች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ እየሰበሰበች። «ቆይ። ትንሽ ልቀመጥ።»

በንቲ አጠገቧ ቁጭ አለ። ትሩፋትም ተመልሳ በወዲያ ጎኗ ተቀመጠች። መኪናው ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ከዚያ ድምፁ ራቀ። ማንም አልተነሳም።